በረትና ማጀት፤ የእንስሳት እበት በሰው ጤና ላይ ስለሚያመጣው ጉዳት

አማርኛችን የእንስሳትን ዓይነ ምድር በአንድ ስም ብቻ አይጠራም። የላምና የበሬው እርጥቡ እበት፣ ተጠፍጥፎ ሲደርቅ ኩበት፣ የፈረስና የአህያው ፋንድያ፣ የበግና የፍየሉ በጠጥ፣ የዶሮው ኩስ ይባላል። ከጭድና ከሽንት ጋር ተቀላቅሎ በበረት ውስጥ ሲከማች አዛባ ነው፤ ለእርሻ ሲውል ደግሞ ፍግ ይሆናል። አንድ ሕዝብ ለአንድ ነገር ይህን ያህል ስም ካወጣለት፣ ከነገሩ ጋር ምን ያህል ተቀራርቦ እንደሚኖር ከዚሁ ይታወቃል። በእርግጥም ባላገሩ ቤቱንና አውድማውን በእበት ይለቀልቃል፤ ጎተራውን በእበት ይመርጋል፤ እንጀራውን በኩበት ይጋግራል፤ ጓሮውን በፍግ ያለማል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን የኑሮ ዘዴ ለመናቅ አይደለም። ማገዶ በጠፋበትና መሬቱ በደከመበት አገር እበት ሀብት ነው። ነገር ግን ይህ እጅግ የቀረበ ጉርብትና ለሰው ጤና፣ ይልቁንም በመሬት ለሚድኸው ሕፃን ምን ያመጣል? ብሎ መጠየቅ የተማረ ሰው ግዴታ ነው። መልሱን በዋግ ኽምራ ምሳሌ እንመረምራለን።

የምንለውን አስቀድመን በአጭሩ እናስቀምጠው። ስለ ንጽሕና የተሰጠው ትምህርት እስከ ዛሬ በአብዛኛው ያተኮረው በሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው። ሕፃኑ ግን የሚድኸው ከብት፣ ፍየልና ዶሮ በሚውሉበትና በሚያድሩበት መሬት ላይ ነው። ስለዚህ የመጸዳጃ ጉድጓድ መቆፈር አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ የሕፃኑ ስፍራና የእንስሳቱ ስፍራ መለየት አለበት። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ. ስለ ዋግና ስለ ሰቆጣ ቃል ኪዳን

ዋግ ኽምራ በአማራ ክልል በስተሰሜን፣ በተከዜ ተፋሰስ የሚገኝ፣ ገደላ ገደልና ተራራ የበዛበት አገር ነው። ዋና ከተማው ሰቆጣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። የዝቋላ ወረዳ ከተማ የሆነችውን ጽጽቃን የመሳሰሉት ሥፍራዎች ደግሞ አገሩ ወደ ተከዜ በሚያዘቀዝቅበት በኩል ይገኛሉ። ሕዝቡ ኽምጣናና አማርኛ ይናገራል። መሬቱ ድንጋያማ፣ ዝናሙም አጭር ስለሆነ የቤተሰብ ዋስትና ከእህሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ እንስሳቱ ናቸው። ከእነዚህም መካከል በስሙ የታወቀው የአበርገሌ ፍየል አለ። እህል ሲጠፋ ፍየል ይሸጣል፤ ሕፃን ሲታመም ዶሮና እንቁላል ገበያ ይወጣል።

የሰቆጣን ስም ዓለም ሁሉ የሰማው በ1984 እና በ1985 በደረሰው ታላቅ ረኀብ ምክንያት ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 2015፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉት ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር በ2030 ለማስቀረት ቃል ሲገባ፣ ስምምነቱን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ ጠራው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ከ2016 እስከ 2020 በአማራና በትግራይ፣ በተከዜ ተፋሰስ ባሉ ወረዳዎች ተሞከረ።

መቀንጨር ማለት ሕፃኑ ለዕድሜው ከሚገባው ቁመት እጅግ ማነስ ነው። ጉዳቱ ግን በቁመት አይወሰንም፤ አእምሮው በሚያድግበት ወራት ሰውነቱ ስለተጎዳ ትምህርት የመቀበል ኃይሉም ይቀንሳል። በ2016 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶ 46ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። በ2019 ቁጥሩ ወደ 41 ዝቅ ብሏል፤ በዚያው ዓመት የመላው አገሪቱ 37 ነበር። ለውጥ አለ፤ ነገር ግን ከአሥር ሕፃናት አራቱ እየቀነጨሩ ቃል ኪዳኑ ተፈጸመ ማለት አይቻልም።

ሰው ሁሉ መቀንጨርን የሚያያይዘው ከምግብ እጥረት ጋር ነው። ይህም እውነት ነው፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ምግብ ወደ ሆድ ከገባ በኋላ አንጀት ካልተቀበለው ጥቅም የለውም። የእንስሳት እበት ጉዳይ ወደ ነገሩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ለ. በእበት ውስጥ ምን ይኖራል?

ጤናማ የሚመስል እንስሳ፣ ለራሱ ምንም ሳይጎዱት፣ ሰውን የሚያሳምሙ ረቂቅ ተሐዋስያን በአንጀቱ ተሸክሞ ሊኖር ይችላል። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

1. ካምፒሎባክተር። ይህ ባክቴሪያ በተለይ በዶሮ አንጀት ውስጥ ይኖራል። የዶሮ ሰውነት ሙቀት ከሰው ይበልጣልና ለመራባት እጅግ ይስማማዋል። ዶሮዋ ምንም ሳትሆን በኩስዋ ታወጣዋለች። በሰው ላይ ግን ትኩሳት፣ ቁርጠትና አንዳንድ ጊዜም ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያመጣል።

2. ኢ. ኮላይና ሳልሞኔላ። የኢ. ኮላይ ዘሮች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም አይጎዱም። ነገር ግን ከከብት የሚመጣው አንዱ ዓይነት የሕፃናትን ኩላሊት እስከማቆም ይደርሳል። ሳልሞኔላ ከዶሮም ከከብትም ይመጣል።

3. ክሪፕቶስፖሪዲየም። በዓይን የማይታይ፣ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ነው። የታመመ ጥጃ በአንድ ቀን ብቻ በቢሊዮን የሚቆጠር ዘሩን ከእበት ጋር ይጥላል፤ ሰውን ለማሳመም ግን ከመቶ ያነሰ እንኳ ይበቃል። ከ2007 እስከ 2011 በአፍሪካና በእስያ ሰባት አገሮች የተካሄደው ታላቅ የተቅማጥ ጥናት፣ ከአንድ ዓመት በታች ባሉት ሕፃናት ላይ ከባድ ተቅማጥ ከሚያመጡት ውስጥ ከሮታ ቫይረስ ቀጥሎ ሁለተኛው ይህ መሆኑን አሳይቷል። ውሃ ላይ የሚጨመረው ክሎሪን በተለመደው መጠን አይገድለውም፤ ማፍላት ግን ይገድለዋል።

4. የመንጋጋ ቆልፍ ዘር። ቴታነስ የሚያመጣው ባክቴሪያ በፈረስ፣ በከብትና በሌሎችም እንስሳት አንጀት ውስጥ ይገኛል፤ ከእበቱ ጋር ወጥቶ በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል። በአንዳንድ ስፍራ በተቆረጠ እትብት ላይ እበት ወይም ቅቤ የመቀባት ልማድ ነበር፤ አሁንም ፈጽሞ አልጠፋም። በክትባት ብርታት ኢትዮጵያ የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን ቴታነስ ማስወገዷ በ2017 ተረጋግጧል። ዘሩ ግን ከአፈሩ አልተወገደም። ክትባቱ ከላላ በሽታው ይመለሳል።

5. ከፍየልና ከበግ የሚመጣ ትኩሳት። ኪው ፊቨር የሚባለው በሽታ ተሐዋሲ በእንስሳት የእንግዴ ልጅ፣ በወተትና በዓይነ ምድር ይገኛል፤ ሲደርቅም ከአቧራ ጋር ተነሥቶ በመተንፈስ ይገባል። በኔዘርላንድ ከ2007 እስከ 2010 ከወተት ፍየሎች ተነሥቶ ከ4,000 በላይ ሰዎችን አሳምሟል። ፍየል የኑሮው ምሰሶ ለሆነው ለዋግ ሕዝብ ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ፍየል ስትወልድ የሚያዋልደውና እንግዴ ልጁን በባዶ እጁ የሚጥለው ብዙ ጊዜ እረኛው ልጅ ነውና።

6. የውሻ ዓይነ ምድር። ውሻ የታረደ በግ የታመመ ጉበት ወይም ሳንባ ከበላ በአንጀቱ ትንሽ ትል ያድርበታል። የትሉ ዕንቁላል ከውሻው ወጥቶ ወደ ሰው አፍ ከገባ፣ በጉበትና በሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ያወጣል።

ኮሶን እዚህ ያልቆጠርነው በምክንያት ነው። የኮሶ መንገድ የተገላቢጦሽ ነው። የሰው ዓይነ ምድር ሣሩን ያበላሻል፤ ከብቱ ሣሩን ይበላል፤ ሰውም ጥሬ ሥጋውን ሲበላ ኮሶ ይይዘዋል። ስለዚህ በሰውና በከብት መካከል ያለው የበሽታ መንገድ ወዲያም ወዲህም የሚያስኬድ ነው።

ሐ. ከበረት እስከ አፍ

በ1958 ዋግነርና ላኑዋ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች በዓለም የጤና ድርጅት በታተመ መጽሐፋቸው፣ ዓይነ ምድር ወደ አዲስ ሰው አፍ የሚደርስባቸውን መንገዶች ዘርዝረው ነበር። እነርሱ የሳሉት የሰውን ዓይነ ምድር መንገድ ነው። በአራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1954፣ የተቋቋመው የጎንደር የጤና ኮሌጅም የጤና መኮንኖችንና የንጽሕና ሠራተኞችን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ሲልክ ከተሸከሙት ትምህርት አንዱ ጉድጓድ ማስቆፈር ነበር። በዘመኑ ትልቅ ሥራ ነው። አሁን ግን ያንኑ ሥዕል ወስደን በመነሻው ላይ ከሰው ጎን ላሟን፣ ፍየሏንና ዶሮዋን ብናስቀምጥ መንገዶቹ እንዲህ ይሆናሉ።

የመጀመሪያው መንገድ እጅ ነው። በገጠራችን ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ አዛባ የምትዝቀው፣ ኩበት የምትጠፈጥፈው ሴት ናት፤ ብዙ ጊዜም በባዶ እጅዋ ነው። ያው እጅ ሊጥ ያቦካል፣ ላም ያልባል፣ ሕፃን ያጎርሳል። «ለምን አትታጠብም?» ለማለት መቸኮል ግን አይገባም። ውሃው ከሩቅ ምንጭ በጀርባ የሚመጣ ከሆነ፣ አንዱ ጀሪካን ለመጠጥ፣ ለወጥና ለጥጃዋ ይከፋፈላል። እጅ ለመታጠብ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ የእጅ ንጽሕና የጠባይ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የውሃ ርቀትም ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው መንገድ መሬቱ ራሱ ነው። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያለ ሕፃን ዓለምን የሚያጠናው በአፉ ነው። ጠጠር፣ እንጨት፣ አፈር፣ የወደቀ እንጀራ፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። በ2013 በታተመ አንድ የዚምባብዌ ጥናት፣ ተመልካቾች በገጠር ቤቶች ተቀምጠው ሕፃናት የሚያደርጉትን ሲከታተሉ፣ አፈርንና የዶሮ ኩስን ሲበሉ በዓይናቸው አይተዋል። ከዚያም የሕፃኑን የመጠጥ ውሃ፣ የግቢውን አፈርና የዶሮውን ኩስ መረመሩ። በተበከለው ውሃ ሕፃኑ በቀን የሚያገኘው ኢ. ኮላይ በመቶዎች የሚቆጠር ሲሆን፣ በአንድ ግራም የዶሮ ኩስ ውስጥ የተገኘው ግን በሚሊዮኖች የሚቆጠር ነበር። እንግዲህ ውሃውን አክመን ኩሱን ብንተው ምን እንዳተረፍን እያንዳንዱ አንባቢ ራሱ ያስላው።

ሦስተኛው መንገድ ዝንብ ነው። ትራኮማን ማለትም የዓይን ማዝን ከሕፃን ወደ ሕፃን የምታዛምተው ዝንብ አብልጣ የምትራባው በሜዳ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው። ነገር ግን በጋምቢያ በተደረገ ምርመራ ከላም፣ ከጥጃ፣ ከውሻና ከፍየል ዓይነ ምድርም ተፈልፍላ ወጥታለች። የአማራ ክልል ትራኮማ ከጸናባቸው የዓለም አገሮች አንዱ ስለሆነ ነገሩ በቀጥታ ይመለከተናል።

አራተኛው መንገድ ውሃ ነው። በበጋ ምንጭ ሲደርቅ ሰውና ከብት ከአንድ ኩሬ ይጠጣሉ። በክረምት መጀመሪያ ደግሞ ጎርፉ የወራቱን በጠጥና እበት አጥቦ ወደ ምንጩ ያወርደዋል። ይህ በደሃ አገር ብቻ የሚደርስ አይምሰለን። በ2000 ዓመት በካናዳ፣ ዎከርተን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከባድ ዝናም የከብት ፍግ አጥቦ ወደ ከተማው የውሃ ጉድጓድ ቢያስገባ፣ ከ2,300 ሰዎች በላይ ታመው 7 ሰዎች ሞተዋል። ሐኪም፣ ቧንቧና ክሎሪን ባለበት ከተማ ይህ ከሆነ፣ አጥር በሌለው ምንጭ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

አምስተኛው መንገድ ምግብ ነው። በእበት በተለቀለቀ አውድማ የተወቃ እህል ተፈጭቶ፣ ቦክቶና በምጣድ ተጋግሮ ስለሚበላ እሳቱ ብዙውን ያነጻዋል። አደጋው የሚበረታው እሳት በማይነካው ነገር ላይ ነው፤ ጡቷ ሳይታጠብ በታለበ ጥሬ ወተት፣ በእርጎ፣ ለሕፃን ተዘጋጅቶ ሳይከደን በዋለ ገንፎ።

ስድስተኛውን መንገድ እነዋግነር አልጻፉትም፤ እርሱም ጢስ ነው። ኩበት ከደረቅ እንጨት ይልቅ ብዙ ጢስ ያወጣል። መስኮት በሌለው ማጀት የሚጤሰው ጢስ በእናቲቱና በጀርባዋ ባዘለችው ሕፃን ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ በሕፃናት ላይ የሳንባ ምች፣ በእናቶች ላይ የቆየ ሳል ያመጣል። በዓለም የጤና ድርጅት ግምት፣ በ2020 ብቻ ከቤት ውስጥ ጢስ የተነሣ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዓለም ላይ ሞተዋል። የተቃጠለው ኩበት ደግሞ ለእርሻ ያልዋለ ፍግ ነው። ዛሬ እንጀራውን የጋገረው እበት የከርሞውን ሰብል ያሳንሳል ማለት ነው።

መ. ሳይታመም የሚቀነጭር ሕፃን

ተቅማጥ የሚታይ ነገር ስለሆነ እናት ትደነግጣለች፤ ጤና ጣቢያም ትሄዳለች። ከዚህ የሚከፋው የማይታየው ነው። ጤነኛ አንጀት ውስጡ እንደ ከፋይ ጨርቅ በጥቃቅን ጣቶች የተሸፈነ ነው፤ ምግብን ወደ ደም የሚያስገቡት እነዚህ ጣቶች ናቸው። ሕፃኑ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ተሐዋስያን የሚውጥ ከሆነ፣ አንጀቱ ያለማቋረጥ ይቆጣል፤ ጣቶቹም ያጥራሉ። ግድግዳው ይላላና የማይገባው ነገር ወደ ደም ያልፋል። ሰውነትም ለማደግ የሚያስፈልገውን ኃይል ለመከላከል ያውለዋል። ሕፃኑ አልታመመም፤ ይበላል፤ ነገር ግን አያድግም።

ይህ በአገራችን ተመርምሯል። በምሥራቅ ሐረርጌ በሐረማያ ወረዳ፣ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ2018 ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት እምብዛም ያልዘለለ መቶ ያህል ሕፃናትን መረመሩ። ከግማሾቹ ካምፒሎባክተር ተገኘ፤ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ከላይ የተናገርነው የአንጀት ጉዳት ምልክት ታየባቸው። ከመቶ አርባ ያህሉም የቀነጨሩ ነበሩ። ሐረማያና ዋግ በአየርም በአኗኗርም ይለያያሉ፤ ዶሮ ከሰው ጋር ማደሯ ግን በሁለቱም አገር የታወቀ ነው።

ሠ. ጉድጓዱ ብቻውን ለምን አልበቃም?

በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሴት ሠራተኞችን በየቀበሌው አሠማርቶ ብዙ ሚሊዮን ቤተሰብ መጸዳጃ እንዲቆፍር አድርጓል። ማንም ሊያቃልለው የማይችል ሥራ ነው። ነገር ግን ሳይንስ የሚያድገው ውጤቱን በመፈተን ስለሆነ፣ ሦስት ፈተናዎችን እናንሣ።

በባንግላዴሽና በኬንያ በ2018፣ በዚምባብዌ በ2019 ውጤታቸው የታተመ ታላላቅ ሙከራዎች፣ መጸዳጃ፣ የእጅ መታጠቢያና የውሃ ማከሚያ ለብዙ ሺህ ቤተሰቦች ሰጥተው የሕፃናቱን ቁመት ለኩ። ንጽሕናው ብቻውን በሦስቱም አገር የሕፃናቱን ቁመት አልጨመረም። ተጨማሪ ምግብ ያገኙት ግን በጥቂቱ አድገው ተገኙ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የተደረገው በዚያው በዋግ ኽምራ ነው። ካርተር ማእከልና በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከ2015 እስከ 2019 በ40 የገጠር መንደሮች ሙከራ አካሄዱ። በእጣ ለተመረጡት ለ20ዎቹ የውሃ ምንጭ፣ ሳሙና፣ የፊት መታጠብ ትምህርትና የመጸዳጃ ቅስቀሳ ተሰጠ፤ የቀሩት 20 መንደሮች እንዲጠብቁ ተደረገ። ዓላማው የትራኮማን ተሐዋሲ መቀነስ ነበር። በ2022 የታተመው ውጤት ግን በሁለቱ ወገን ሕፃናት ዓይን መካከል ልዩነት እንዳልተገኘ ገለጸ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ሙከራዎቹ ያልተሳኩት እበቱ ስላልተነሣ ነው» ብለን ብንደመድም ከማስረጃው ቀድመን መሮጣችን ነው። ትራኮማ የሚተላለፈው በዋናው ከዓይን ወደ ዓይን ነው፤ ሦስት ዓመት ደግሞ ልማድን ለመለወጥ አጭር ነው። ሆኖም ሙከራዎቹ ሁሉ አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ሁሉም በዋናው የተዋጉት ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ነው። በ2018 የታተመ አንድ ስሌት ደግሞ በዓለም ላይ ከሰውና ከእንስሳት ከሚወጣው ዓይነ ምድር ከአምስቱ እጅ አራቱ ያህል የእንስሳት መሆኑን ይገምታል። ከአምስት በር አንዱን ዘግቶ ቤቱ ሌባ አይገባበትም ማለት አይቻልም።

ረ. ከብቱ ከቤት ይውጣ ማለት ይቻላልን?

ይህን ያነበበ ተማሪ ለእረፍት ወደ አገሩ ሲሄድ በመጀመሪያው ምሽት «ከብቱን ከቤት አስወጡ!» ብሎ ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል። አባትየው ቢስቁበት ወይም ቢቆጡት አይፍረድባቸው። ከብት በቤት የሚያድረው በስንፍና አይደለም። በውጭ ጅብ አለ፤ ነብር አለ፤ ሌባ አለ። በደጋ ሌሊት የከብት ትንፋሽ ቤቱን ያሞቃል። ጫጩትን ጭልፊትና ሸለምጥማጥ ይጠብቃታል። በ2023 በዋግ ኽምራ ቆላማ ወረዳዎች በደረሰው ድርቅ ብዙ ከብት አልቋል። ከዚህ ተርፋ የቀረች አንዲት ፍየል ለባለቤቷ እንደ ባንክ ናት፤ ባንኩን ውጭ ያሳድር ዘንድ ማን ይመክረዋል?

ደግሞም እንስሳቱ የመቀንጨር መድኃኒትም ናቸው። ወተትና እንቁላል ለሕፃን እድገት ከሚጠቅሙ ምግቦች ዋናዎቹ ናቸው። በ2016 የታተመ የኢትዮጵያ ገጠር ጥናት ይህን ሁለት ገጽ በግልጽ አሳይቷል። ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች ከሌላቸው ይልቅ በቁመት ይሻላሉ፤ ዶሮዋ ሌሊት በመኖሪያው ቤት ውስጥ በምታድርበት ግን የሕፃናቱ ቁመት አንሶ ይገኛል። በዚህ ጥናት መሠረት ጥፋቱ ዶሮ መያዙ ሳይሆን፣ ዶሮዋና ሕፃኑ በአንድ ወለል ላይ ማደራቸው ነው።

ሰ. ምን ይደረግ?

ከላይ ከተነገረው የሚወጣው ምክር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ማሰብንና ትዕግሥትን ግን ይጠይቃል።

አንደኛ፣ ከዶሮው እንጀምር። ከቤቱ ግድግዳ ጋር ተያይዞ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ በሩ ሌሊት የሚዘጋ የዶሮ ቤት ሌባንም ሸለምጥማጥንም ይከላከላል። በሬን ከማስወጣት ይልቅ ዶሮን ማስወጣት ይቀላል፤ ጥቅሙም ለሕፃኑ ቶሎ ይደርሳል።

ሁለተኛ፣ ከብቱ ከቤት ሊወጣ ካልቻለ በቤት ውስጥ ይከለል። በጋጣውና በመደቡ መካከል የድንጋይ ወይም የእንጨት ግድግዳ ማቆም፣ ለከብቱ የተለየ በር መክፈት፣ ወለሉንም ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ማድረግ ይቻላል። ሙቀቱ ይቀራል፤ አዛባው ይለያል።

ሦስተኛ፣ ሕፃኑ የራሱ ስፍራ ይኑረው። በየቀኑ የሚራገፍና ፀሐይ የሚመታ ቁርበት ወይም ሰሌን፣ ዙሪያውን ዝቅተኛ አጥር ያለው ማእዘን ይበቃል። በሲዳማ ለሕፃናት የታጠረ የመጫወቻ ስፍራ በጥቂት ቤተሰቦች ተሞክሯል። ሙከራው ትንሽ ስለሆነ የመጨረሻ ፍርድ አይሰጥም፤ ሐሳቡ ግን ከገጠር ኑሮ ጋር ሊስማማ የሚችል ነው።

አራተኛ፣ አዛባው በአካፋ ይዛቅ፤ ከቤቱና ከምንጩ ርቆ በጉድጓድ ይከመር። የተከመረ ፍግ ከውስጥ ሲግል ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ያልፋል፤ ይህም አብዛኞቹን ተሐዋስያን ይገድላል። ዳር ያለው ወደ መካከል እንዲገባ እየተገላበጠ ጥቂት ወራት ከቆየ በኋላ ለጓሮ ይውላል። በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም እበትን ወደ ጢስ የለሽ እሳት የሚለውጥ ቢሆንም፣ በየቀኑ ከእበቱ ጋር የሚስተካከል ውሃ ይፈልጋል። ውሃ በጠፋበት የዋግ መንደር ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል።

አምስተኛ፣ ምንጭ ይታጠር፤ ከብቱም ከምንጩ በታች በገንዳ ይጠጣ። የሕፃኑ ውሃ ይፍላ። እንደ ሰቆጣ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ወተትም ሳይፈላ ለሕፃን አይሰጥ።

ስድስተኛ፣ እጅ ከአዛባ በኋላና ሕፃን ከማጉረስ በፊት ይታጠብ። ሳሙና ከሌለ ዐመድ ከባዶ ውሃ ይሻላል። በእትብት ላይ ሐኪም ያላዘዘው ምንም ነገር አይቀባ፤ እርጉዝ እናትም የቴታነስ ክትባቷን ትጨርስ።

መደምደሚያ

የሕክምና ተማሪው ስለ አንጀት፣ የእንስሳት ሕክምና ተማሪው ስለ ጥጃው፣ የምሕንድስና ተማሪው ስለ ምንጩ፣ የግብርና ተማሪው ስለ ፍጉ ይማራል። በባላገሩ ቤት ግን እነዚህ ሁሉ በአንድ ጣራ ሥር ናቸው፤ በየፋኩልቲው አልተከፋፈሉም። የጤና ሠራተኛው ስለ ከብት አይናገርም፤ የግብርና ሠራተኛውም ስለ ሕፃን አይጠይቅም። የበረቱ ነገር ባለቤት ያጣው ከዚህ የተነሣ ነው። በሰቆጣ ስም የተገባው ቃል የሚፈጸመው ሁለቱ ሠራተኞች አብረው ወደ አንድ ቤት ሲገቡ ነው።

ለጥናት ክበብ የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

1. በምታውቁት የገጠር ቤት ዶሮዎች ሌሊት የት ያድራሉ? ሕፃኑስ ቀን የት ይውላል? በመካከላቸው ስንት እርምጃ አለ?

2. ለቤተሰቡ ውሃ የሚያመጣው፣ አዛባ የሚዝቀውና ሕፃን የሚያጎርሰው አንድ ሰው ነው ወይስ የተለያየ? ሥራው ቢከፋፈል ምን ይለወጣል?

3. የዋግ ኽምራውን የ40 መንደሮች ሙከራ እናንተ እንደገና ብታቅዱት ምን ትጨምሩበታላችሁ? ውጤቱንስ በምን ትለኩታላችሁ?

4. አንድ አባት «ፍየሌን ውጭ አሳድሬ ጅብ ቢበላብኝ ማን ይተካልኛል?» ቢሏችሁ ምን ብላችሁ ትመልሳላችሁ? ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ ሳይዙ ወደ መንደር መውጣት አይገባም።